ከእሁድ እስከ እሁድ

ጥቅምት 4 ቀን 2004፣ ቅዳሜ

መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። ጸጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ልትገባ የነበረችው የመምህሩ ሚስት ቢጉዲኗን እንደጠቀለለች ወደ ቤቷ ሄደች። ፀሐይ ያድርቀው አልኳት፤ የቆቦ ፀሐይ ከካስክ ያንሳል እንዴ? ሳቀች፣ ግን ደስ አላላትም።

ዛሬም አንዲት ልጅ መጣች፣ ከወደ ዞብል። ሹሩባ የምትሠራ መስሎኝ ወንበር አቀረብኩላት። ጸጉር አይደለም አለች። ሻሿን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ግንባሯን አሳየችኝ። መስቀል... አረንጓዴ፣ የልጅነት ንቅሳት። ታጠፊልኛለሽ ወይ ነው ጥያቄዋ። ዓረብ አገር ልትሄድ ነው። አልችልም አልኳት። በዚህ ሳምንት እሷ ብቻ አይደለችም። ማን ነው ወደ እኔ የሚልካቸው?

ቤቱን ልዘጋ ስል መስታወት ፊት ቆሜ የራሴን አየሁት። ጸጉሬን ወደ ፊት ስለማወርደው ረስቼው ነበር። እኔና እህቴ የተነቀስነው በአንድ ቀን ነው። እኔ አለቀስኩ፣ እሷ አላለቀሰችም።

ጥቅምት 7

የሚልካቸው ታወቀ። ታረቀኝ፣ ደላላው። ሁለት ሞባይል ይዞ የሚዞረው፣ በአንዱ ሲያወራ ሌላውን በሸሚዙ የሚወለውለው። ልጆቹን ወደ ሳውዲ የሚያሻግራቸው እሱ ነው፤ ቤተሰብ ያግባባል፣ ፓስፖርት ያስወጣል፣ አዲስ አበባ ድረስ ይዟቸው ይሄዳል። ግንባራቸው ላይ መስቀል ያለባቸውን አሠሪዎቹ አይቀበሉም አለኝ። ደሴ ላይ የቆዳ ውበት ስልጠና አለ፣ ሳምንት እንኳ አይሞላም፣ ሰርተፊኬት ይሰጣል፣ ከዚያ በኋላ በዚህ አገር ያለ ሥራ ሁሉ ያንቺ ነው አለ።

ቀጥሎም፣ "ለተ፣ አንቺ እኮ እጅሽ ቀላል ነው" አለኝ።

እጅሽ ቀላል ነው ሲሉኝ ለምን እንደምቀልጥ አላውቅም። እጄን የሚያመሰግን ካገኘሁ ገደልም ቢሆን እከተለዋለሁ።

ጥቅምት 15፣ ደሴ

ብርድ! ጋቢ ደርቤ ነው የምማረው። ክፍሉ ከጫማ መሸጫ በላይ ነው፣ መስኮቱ አይዘጋም። አሠልጣኟ ወይዘሮ አስረሳሽ ነጭ ጋዋን ለብሳለች። ንቅሳት ማንሻ ፈሳሹን በጥጥ ነክተን ሙዝ ልጣጭ ላይ መስቀል እንሥላለን። ልጣጩ ይጠቁራል። "ጎበዝ" ትለናለች። ሙዝ ሲጠቁር ጉብዝናው የማን ነው? ሰው ላይ ሲሠራ አላየንም። አንዷ ደፍራ ነርስ ነዎት ወይ ብላ ጠየቀቻት። ውበትና ሕክምና ለየቅል ናቸው አለች። ከዚያ ወዲያ የጠየቀ የለም።

አንድ ነገር ግን ደጋግማ ነገረችን።

"አዲስ ጠርሙስ በከፈታችሁ ቁጥር መጀመሪያ የገዛ ክንዳችሁ ላይ። ከእሁድ እስከ እሁድ ጠብቁ። ክንዳችሁ ሳይድን ሰው አትንኩ።"

ይህን ስትል ድምፅዋ ሌላ ሆነ። ስትቀልድ የዋለችው ሴትዮ አልመስል አለችኝ። ምን አይታ ይሆን?

ጥቅምት 19፣ እሁድ

ተመለስኩ። ሰርተፊኬቱን ፍሬም አስገብቼ መስታወቱ አጠገብ ሰቀልኩት። ስሜ በወርቃማ ቀለም ተጽፏል፣ ማኅተሙ ደግሞ የቡና ስኒ ያህላል። ከደሴ ያመጣሁትን ጠርሙስ ክንዴ ላይ ነካሁት፣ ከክርኔ በታች በውስጥ በኩል። ቆጠቆጠኝ፣ ቀላ፣ ተወኝ።

ጥቅምት 23

ንግድ ፈቃድ የሚሰጡት ጋ ሄድኩ። ፈቃዴ የሴቶች ጸጉር ሥራ ነው የሚለው፤ ይኼም ይጨመርልኝ አልኩ። ቆዳ ከሆነ የጤናዎቹን ጠይቂ አሉኝ። የጤናዎቹ ጋ ሄድኩ። ተቆጣጣሪው ካሳ ይባላል፣ ምግብ ቤቱንም ጸጉር ቤቱንም እየዞረ የሚያይ፣ አንገቱን ደፋ ያደረገ ሰው ነው። መርፌ ትወጊያለሽ? አልወጋም። መድኃኒት ትሰጫለሽ? አልሰጥም። እንግዲያ ሕክምና አይደለም አለኝ። ታዲያ ጸጉር ነው? ጸጉርም አይደለም።

"ምን ብዬ ልያዘው?" አለኝ። እሱ እኮ ነው እኔን የሚጠይቀኝ!

ከሰዓት ራሱ መጥቶ ቤቱን አየ። ፎጣዎቹን አሸተተ፣ ማበጠሪያ የማጥብበትን ውሃ አየ፣ ሽንት ቤቱንም ከፍቶ አየ። ንጹሕ ነው ብሎ ፈርሞ ሄደ። ጠርሙሷ ፊት ለፊቱ ነበረች... ሽቶ መሰለችው? ወይስ ላያት አልፈለገም?

ፈቃድ አልተሰጠኝም። አልተከለከልኩምም።

ጥቅምት 26፣ እሁድ

የክንዴ ቅርፊት ወደቀ። ሥሩ ሮዝ ነው፣ ንጹሕ። እኔ እኮ መቼ ሠርቼ ሳይሳካልኝ!

ኅዳር 5

የዞብሏን ልጅ አስጠርቼ ሠርቼላት ነበር። ቅርፊቱ ወድቆ ዛሬ ልታሳየኝ መጣች። መስታወት ስሰጣት ግንባሯን በጣቷ ነካ ነካ አደረገች፣ የሌላ ሰው ግንባር እንደምትነካ። መስቀሉ የለም። በቦታው ትንሽ ነጣ ያለች ነገር ቀርታለች፣ ካልተናገረች ማንም አያውቅባትም። እጄን ሳመችው። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ቆይቶ ግን የሆነ ነገር ከበደኝ። ባለፈው በአንድ ስም የተዋወቅኳትን ልጅ ዛሬ ታረቀኝ በሌላ ስም ሲጠራት ሰማሁ። ለፓስፖርቱ ነው አለ። ግንባሯን እኔ፣ ስሟን እሱ... ለእናቷ ምን ተረፋት?

ኅዳር 14

አሚና ምሳ ሰዓት ላይ መጣች። አጠገቤ ሻሽና ጨርቅ ትሸጣለች፤ ልጅነቷን ሪያድ ሰው ቤት ስትሠራ ጨርሳ የመጣች ናት። አንዷ ልጅ ግንባሯ ላይ ጥጥ ይዛ ስትወጣ አየቻትና ለምንድን ነው የምታጠፊው አለችኝ። ታረቀኝ ያለኝን ነገርኳት። ሳቋን ለቀቀችው።

"ወላሂ ለተ፣ እዚያ ሻሽ እስከ ቅንድብ ነው። ግንባርሽን ማን አይቶት? እጅሽን ነው የሚያዩት፣ ሥራ የለመደ መሆኑን።"

ፎቶውስ? ፎቶውም በሻሽ ነው አለች።

ታረቀኝን ስጠይቀው የእሷ ዘመን አለፈ፣ አሁን ሁሉ ነገር ተለውጧል አለኝ። እንዲህ ሲል ሞባይሉን መወልወል አቆመ። እኔ ከምሠራው ላይ ለእሱም ድርሻ እንዳለው እያወቅሁ ለምን ጠየቅሁት? አሚና ምን ትጠቀማለች? ምንም። እኔ ግን ያመንኩት እሱን ነው፣ ወይም ያመንኩ መሰልኩ።

ኅዳር 24፣ እሁድ

የደሴው ጠርሙስ አለቀ። ወይዘሮ አስረሳሽ ጋ ብደውል ብደውል ስልኳ አይሠራም። ከእኔ ጋር የሠለጠነች አንዲት የወልድያ ልጅ ጋ ደወልኩ፤ ክፍሉ ተዘግቷል፣ የት እንደገባች የሚያውቅ የለም አለችኝ።

ታረቀኝ አዲስ ጠርሙስ አመጣ። በአፋር በኩል ከመጣ ዕቃ ጋር ነው የገባው አለ። ጽሑፉን አላወቅሁትም። ለአሚና አሳየኋት፣ ዓረብኛ እንኳ አይደለም አለች። ስከፍተው አፍንጫዬን ወጋኝ።

ክንዴ ላይ ነካሁት። የፊተኛው ቆጥቁጦኝ ነበር። ይኼ ምንም አልተሰማኝም... ጭራሽ ምንም። ይሻላል ማለት ነው?

ኅዳር 26

ሰላማዊት መጣች፣ የእህቴ ልጅ፣ ከጎብዬ። እሷም ልትሄድ እንደሆነ አውቅ ነበር፣ ግን ከጥምቀት በኋላ ነበር የተባልኩት። ታረቀኝ ቦታ ተገኝቷል፣ ሐሙስ ጠዋት ይዣቸው እወርዳለሁ አለ። በር ላይ ቆሟል። ጠርሙሱን ገና ሞክሬ አልጨረስኩም፣ እሁድ ይድረስ አልኩት። አውሮፕላን እሁድን አይጠብቅም አለኝ።

ፊቴን አዙሬ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ቀይ ነው። መሐሉ ትንሽ ግራጫ... ቀይ ምን አለው? የፊተኛውም ቀልቶ ነበር። እጅጌዬን አወረድኩ። እንደገና ሰብስቤ አየሁት። እንደገና አወረድኩ።

"አክስቴ፣ ለሰው ልጅ ሁሉ ሠርተሽ ለእኔ ስትሆን ነው?" አለችኝ።

በቃ፣ ይቺን ስትል ተሸነፍኩ። ይቺ ልጅ የመጀመሪያ ሹሩባዋን የሠራሁላት እኔ ነኝ። አስቀመጥኳት፣ ጥጡን ነከርኩ። አላመማትም። "አያምም እንዴ?" ብላ ደስ አላት። ከዚያ ቀና ብላ ጸጉሬን ገለጠችና፣ አንቺስ ለምን አላነሣሽውም አለችኝ። እኔ የትም አልሄድም አልኳት።

ውሃ እንዳይነካሽ፣ ፀሐይ እንዳትመቺ፣ ቅቤም ሌላም እንዳትቀቢ ብዬ አስጠነቀቅኋት። እሺ አለች። ሁሉንም ነገር እሺ ነበር የምትለው፣ ልቧ ሄዷል።

ኅዳር 28፣ ሐሙስ

ልሸኛት መኪና መንገድ ወጣሁ። እህቴ ቀብታታለች! ለጋ ቅቤ፣ ራሷን አልብሳ። የእኛ ቤት ልጅ መንገድ ስትወጣ ሳትቀባ አትወጣም፣ ሙሽራም ትሁን መንገደኛ። ሙቀቱ ገና በጠዋቱ ጀምሮ ነበር፤ ቅቤው ቀልጦ በጥጡ ሥር እየሾለከ ቅንድቧ ላይ ደርሷል።

"እትዬ፣ ነግሬያት አልነበረም እንዴ?" አልኳት።

"ደረቅ ራሷን ይዛ ሰው አገር ትግባ?" አለችኝ።

ሰላማዊት በመሐላችን ቆማ ትስቃለች። ለእናቷ እምቢ ማለት አልቻለችም፣ በመጨረሻው ቀን ማን ይችላል? በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁላት። ጥጡን ላነሣና ላይ ፈለግሁ፤ ታረቀኝ ጥሩምባ አስነፋ። ሚኒባሱ ሄደ። እህቴ አቧራው እስኪረግፍ ድረስ አልተንቀሳቀሰችም።

ኅዳር 30

ክንዴ ጠቆረ።

ታኅሣሥ 1፣ እሁድ

ይኼ ነበር የምጠብቀው እሁድ።

ጥቁር ነው፣ መሐሉ ጎድጉዷል። በመርፌ ጫፍ ነካሁት፣ አይሰማኝም። የሚያም ቁስል አውቃለሁ፣ የማያም ቁስል ግን ምንድን ነው? ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ቅዳሴው መሐል እጅጌዬን ሳይ ተገኘሁ። አጠገቤ የቆመችው ሴትዮ ምን ሆንሽ አለችኝ። ዘይት አልኩ።

ታረቀኝ ጋ ደወልኩ። ሰላማዊት ደህና ናት፣ ተኝታለች አለኝ። በጠራራ ፀሐይ? አገናኘኝ ብለው ስልኩ ተቋረጠ።

ታኅሣሥ 4

"ተኝታለች።"

ታኅሣሥ 9፣ ሰኞ

ጠርሙሷን በላስቲክ ጠቅልዬ ካሳ ቢሮ ሄድኩ። እጅጌዬን ሰብስቤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ክንዴን ከነጠርሙሱ።

ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ። ጤና ጣቢያ ሂጂ አለኝ። ሄጃለሁ፣ እነሱ ሥጋው ሞቷል፣ ይፋቃል ብለውኛል፤ አንተ ጋ የመጣሁት ለሌላ ነው አልኩት። ለአቤቱታ።

"አቤት ባይዋ ማን ናት?"

"እኔ።"

"የተከሰሰውስ?"

"እኔ። ታረቀኝም፣ የደሴዋም ሴትዮ። ግን ከእኔ ጀምር።"

ያለበትን አስረዳኝ፤ ምግብ ቢሆን ያሽጋል፣ መድኃኒት ቤት ቢሆን ይዘጋል፣ የእኔን ግን በየትኛው መመሪያ እንደሚያየው አያውቅም። ለበላይ እጽፋለሁ አለ። ጠርሙሷን መሳቢያው ውስጥ ቆለፈባት። ያን ቀን ብታያት ኖሮስ አልኩት። አይቻት ነበር አለኝ፣ ቀና ሳይል።

ልቆጣ ፈልጌ ነበር። ግን እኔም እኮ አይቼ ነበር።

ታኅሣሥ 16

ሰላማዊት ተመለሰች። ለብቻዋ፣ በሌላ አውቶቡስ፣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ። አዲስ አበባ የጤና ምርመራ ላይ ሐኪሙ ሻሿን ሲያስፈታት ደነገጠ አሉ፤ ይኼ ሳይድን የትም አትሄጂም አላት። ታረቀኝ ሌሎቹን ይዞ ቀጠለ።

ጎብዬ ሄጄ አየኋት። መስቀሉ ከነበረበት ተነሥቶ እስከ ጸጉሯ ሥር... ልጽፈው አልችልም። ጥቁሩ ተፍቆላታል፣ የቀረው ጉድጓድ ነው። እሷ ታጽናናኛለች። "አብሽሪ አክስቴ፣ አያመኝም" ትለኛለች።

እህቴ ጓሮ ነበረች። ራሷን እንደ ሐዘንተኛ በጥቁር ሻሽ አስራለች። ቅቤው ነው አለችኝ። ነግረሻት እያለ ነው ያበላሸኋት፣ በገዛ እጄ ነው ልጄን የጨረስኳት አለች። እጇን ታሻሻለች፣ ቅቤው አልለቅ ያላት ይመስል።

ዝም አልኩ። ክንዴ በነጠላው ሥር ነበር። አቅፌያት አለቀስን፤ ይቅር ብዬሻለሁ አላልኳትም፣ ይቅር በይኝም አላልኳትም። ዝም ማለት እንዲህ ቀላል ነው?

ታኅሣሥ 18

ሥራ አልገፋልኝ አለ። ካውያ ረስቼ የሰው ጸጉር ላሳርር ነበር። አሚና ገብታ ክንዴን አየች፤ ማንም ሳይነግራት ሁሉም ገባት።

"እህትሽ ቅቤው ነው እያለች ነው አሉ። አላህ ያውቃል፣ አንቺም ታውቂያለሽ" ብላኝ ሄደች።

የእኔን ክንድ ቅቤ አልነካውም። ጎድጉዷል።

ታኅሣሥ 20

ጎብዬ ነበርኩ። እህቴ ማሽላ ታበጥራለች፣ ሰላማዊት ጥላው ውስጥ ተቀምጣለች። መቀመጫ ሲሰጡኝ አልተቀመጥኩም። እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

እህቴ መጀመሪያ አልገባትም። አንቺንም ምን ነካሽ አለች። ከዚያ ወደ ልጇ ግንባር አየች፣ ወደ ክንዴ አየች።

"እዚህ ቅቤ ነክቶታል?" አለችኝ።

"አልነካውም፣ እትዬ።"

"ከእሷ በፊት ነው በኋላ?"

"በፊት። እሁድ ሳይደርስ ነው የሠራሁላት።"

ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እጅጌዬን በቀስታ መልሳ አወረደችልኝ፣ ሕፃን ሆኜ ታለብሰኝ እንደነበረው። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታኝ ማሽላዋን ማበጠር ቀጠለች። እስክሄድ ድረስ አላናገረችኝም።

እስከ መንገዱ የሸኘችኝ ሰላማዊት ናት። አውቅ ነበር አለችኝ። ስትሠሪልኝ እጅጌሽን ደጋግመሽ ስታዪ አይቼሽ ነበር፣ ግን መሄድ ፈለግሁ፣ እንዳትተዪው ብዬ ዝም አልኩ አለች። ምን ልበላት? ልጅ ናት፣ ዝም ብትል ያምርባታል። እኔስ?

ጥር 3

ካሳ ደብዳቤ ይዞ መጣ። የበላዮቹ መልስ ነው። የጉዳቱ መንስኤ የስልጠና እጥረት መሆኑ ስለታመነበት ለወጣት ሴቶች የግማሽ ቀን ስልጠና ይሰጥ ይላል። አሠልጣኟም ተመርጣለች። በወረዳው ሰርተፊኬት ያላት እኔ ብቻ ነኝ!

ሳቅሁ። ካሳ አልሳቀም። እምቢ ካልሽ ሌላ ይፈልጋሉ፣ ሌላዋ ደግሞ ሙዝ ይዛ ትመጣለች አለኝ። ዋጃ ላይ አዲስ ቤት መከፈቱንም ነገረኝ። ታረቀኝ ልጆቹን አሁን እዚያ ነው የሚልከው፤ ዋጃ ደግሞ ከካሳ ሥልጣን ውጭ ነው።

ሰርተፊኬቱን አወረድኩት። ግድግዳው ላይ ነጣ ያለ ቦታ ቀረ።

ጥር 4

እሺ አልኩ። ስልጠናው ላይ አብራኝ ትቆም እንደሆነ ሰላማዊትን ጠየቅኋት፣ እሷም እሺ አለች። እህቴ ግን ለካሳ ነው መልስ የሰጠችው፣ ለእኔ አይደለም። ልጄ ከፈለገች ትሂድ ብላዋለች።

ጥር 15

ስልጠናው ዛሬ ነበር። አዳራሹ ሞላ፤ ከጎብዬ፣ ከዞብል፣ ከየገጠሩ መጥተዋል። ደብተር ይዘዋል። ብዙዎቹ ሻሻቸውን ወደ ፊት አውርደዋል፣ ለምን እንደሆነ አውቃለሁ።

የደሴውን ሁሉ ነገርኳቸው። ሙዙን፣ ጋዋኑን፣ ክንዴን። እጅጌዬን ሰብስቤ በየወንበሩ መሐል አለፍኩ። አንዳንዶቹ ፊታቸውን አዞሩ። አሚና ከኋላ ተቀምጣ ነበር፤ እሷም ተነሥታ እዚያ አገር ግንባር የሚያይ የለም አለቻቸው፣ እንደ ልማዷ እየማለች። ደህና እየሄደ መሰለኝ። ካሳ እንኳ ቀና ብሎ ነበር።

በመጨረሻ ሰላማዊት ወጣች። ሻሿን ፈታች።

ልጄ አንገቷን ሳትሰብር ቆመች፣ ግራና ቀኝ እያዞረች ለሁሉም አሳየቻቸው። ኮራሁባት። በቃ፣ አሁን ገባቸው አልኩ በልቤ፣ ከእንግዲህ የምትደፍር የለችም አልኩ።

ከመሐል አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ትሑት ልጅ ናት፣ ለመናገር እንኳ ታፍራለች።

"ግን መስቀሉ ጠፍቷል አይደል?" አለች።

የሳቀ የለም። ሁሉም ወደ እኔ ዞረው መልሱን ጠበቁ። አንዳንዶቹ እስክሪብቶ ይዘዋል።